ወፏ ትመለሳለች



ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳርቻ የለጠፍኳት አንዲት ፎቶ ብዙ አነጋገረች። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ የጓደኛዬን ትሪፖድ ተሸክሜ የምስቅባት ናት። ከስሯ ከተጻፉት አስተያየቶች አብዛኞቹ የመልካም ምኞት ናቸው፤ አመሰግናለሁ። በውስጥ መስመር የደረሱኝ ግን ሌላ ናቸው። አንዱ «ስደተኛ ነን እያላችሁ ትጮሃላችሁ፣ እናንተ ግን ከባሕር ባሕር ትዝናናላችሁ» አለኝ። አንዲት እህት ደግሞ በትሕትና «መምህር፣ አገር ቤት ሰው እያለቀ በዚህ ጊዜ ወፍ ፎቶ ማንሳት ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን ዝም ብሎ ማለፍ ይቻላል። የእህታችን ጥያቄ ግን መልስ ይገባዋል፤ እኔም ከመነሳቴ በፊት ራሴን ስጠይቅ የሰነበትኩት ነው። ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ሻይ ቅዱና ተቀመጡ።

በቅድሚያ ገንዘቡ ከየት መጣ ለምትሉ። የምኖረው ሩንዳ ነው። ናይሮቢን የምታውቁ ይህን ስትሰሙ ዓይናችሁ እንደሚፈጥ አውቃለሁ። ሩንዳ አምባሳደሮችና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች የሚኖሩበት፣ አጥሩ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ሰፈር ነው። እኔ የምኖረው ግን ከአንድ የአገራችን ሰው ግቢ ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ ነው፤ እዚህ «ኤስ ኪው» ይሏታል። ማታ ማታ የቤቱን ሁለት ልጆች ሒሳብና ሳይንስ አስጠናለሁ፤ እሱ በኪራይ ይታሰብልኛል። ቀን የስደተኛ ልጆች በሚበዙበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጓደኛዬ ኢስሊ ነው የሚኖረው። ጎንደር እያለ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከአገር ሲወጣ ካሜራውን ሸጦ ነው የመንገዱን የከፈለው። አሁን ያለችውን ያገለገለች ካኖን ከ70-300 ሌንስ ጋር የገዛት ሁለት ዓመት ሙሉ የሐበሻ ክርስትናና ሠርግ እያነሳ ባጠራቀመው ነው።

ከጥቅምት ጀምሮ እኔና እሱ በየሳምንቱ 500 500 ሽልንግ እቁብ ጣልን። የሁለት ሰው እቁብ! ዳኛም ጸሐፊም አያስፈልገውም፤ የሚክድ ካለ ወዲያው ይታወቃል። በየካቲት ትምህርት ቤት ለአራት ቀን ሲዘጋ እቁቡ ወጣ፤ ደረሰኙም የባቡር ትኬት ሆነ።

ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር 472 ኪሎ ሜትር ነው። በኢኮኖሚ ማዕረግ ለአንድ ሰው 1,500 ሽልንግ ከፈልን። ባቡሩ ጻቮን ሲያቋርጥ በቀይ አፈር የተለወሱ ዝሆኖች ከመስኮት ይታያሉ። ከሞምባሳ በኋላ ግን ማታቱ ነው፤ ማታቱ ላይ ደግሞ ኬላ አለ።

ከኪሊፊ አለፍ ብለን አንድ ኬላ ላይ ቆምን። ተሳፋሪው ሁሉ መታወቂያውን አውጥቶ አሳየ፤ አሥር ሰከንድ አልፈጀም። እኔና ጓደኛዬ የስደተኛ ካርዳችንን አወጣን። ያኔ መኪናው ውስጥ ጸጥታ ሆነ። የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። «የት ነው የምትሄዱት?» አለን። በተሰባበረ ስዋሂሊዬ ፎቶ ልናነሳ መሆኑን ነገርኩት። «የምን ፎቶ?» «የንዴጌ» አልኩት።

አሁን ስዋሂሊ የማታውቁ ስሙኝ፦ «ንዴጌ» ማለት ወፍ ነው። ንዴጌ ማለት አውሮፕላንም ነው። ማሊንዲ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት። ሁለት የውጭ ዜጎች፣ የስደተኛ ወረቀት የያዙ፣ ረጅም ሌንስ የተሸከሙ፣ ንዴጌ ፎቶ ሊያነሱ! ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። ጓደኛዬ ነገሩ የገባው ከእኔ ቀድሞ ነው። ምንም ሳይናገር ካሜራውን ከፈተና ካሩራ ደን ውስጥ ያነሳትን ጋጋኖ የመሰለች ወፍ አሳየው። ሰውየው አየ፣ ቀና አለ፣ አየ፤ ከዚያ እስኪያነባ ሳቀ። «ምዋሊሙ» አለኝ፣ መምህር ማለቱ ነው፣ «ሁለተኛ ኬላ ላይ ከየትኛው ዓይነት ንዴጌ እንደሆነ ቀድመህ ተናገር።» ካርዳችንን መለሰልን፤ ማታቱው በሙሉ ከእኛ ጋር ሳቀ። የጓደኛዬ እጅ ግን ዋታሙ እስክንደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቁም እውነት ነው፤ መንቀጥቀጡም እውነት ነው።

ኬንያ ውስጥ ከ800,000 በላይ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች አሉ። አብዛኞቹ ያሉት በዳዳብና በካኩማ ነው፤ ካምፕ የተመዘገበ ሰው ከካምፑ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለእኛ ለከተማዎቹ ነገሩ ቀለል ይላል፤ እንዲያም ሆኖ ከናይሮቢ ወጥቶ ባሕር አይቶ መመለስ የትኬት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳርቻ ላይ ሲስቅ የምታዩት ስደተኛ ወደዚያ የሄደበትን መንገድ ፎቶው አያሳይም።

ወደ ባሕሩ ልመለስ። በ1993 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን እኔ ገና ዳዴ እል ነበር። የእኔ ትውልድ ባሕር የሌለው ትውልድ ነው። ባሕር ማለት ለእኛ የጂኦግራፊ መምህራችን በሰማያዊ ቾክ ያቀለሙት የጥቁር ሰሌዳ ጫፍ ነበር። የጣና ልጅ ነኝ፤ እኛ ጣናን ነው «ባሕር» የምንለው፤ የከተማችን ስም ራሱ ባሕር ዳር ነው። ጣና ግን ማታ የተውከው ቦታ ጠዋት ይጠብቅሃል። ዋታሙ ደርሰን ባደርንበት ማግሥት ማልደን ወጣን፤ ባሕሩ የለም! ማታ እግራችንን ያስነካንበት ቦታ ላይ አሸዋና አለት ብቻ ቀርቷል፤ ውሃው ርቆ ነጭ መስመር ሆኗል። ጓደኛዬ «ይሄም ተሰደደ እንዴ?» አለ።

በዚያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጨርሳ ስትጠፋ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወፍ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ሰዓቱን የሚቆጥርለት ይህ ነው። ባሕሩ ሲጎድል ወፎቹ በሰፊው ጭቃ ላይ ተበትነው ይበላሉ፤ በሌንስ እንኳ ነጥብ ናቸው። ሊሞላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቀረው ሄዶ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ነው፤ ውሃው ራሱ ወፎቹን እየገፋ ወደ አንተ ያመጣቸዋል። አትሯሯጥም፣ አታባርርም። ጓደኛዬ «እንደ ሙሽራ ናቸው፤ ከጠበቅካቸው ራሳቸው ይዞራሉ» ይላል።

የጠበቅነው ሚዳ ክሪክ ላይ ነው። ሚዳ ከዋታሙ ጀርባ ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ ነው፤ ዙሪያውን ማንግሮቭ ከቦታል፣ ከምዕራብ በኩል የአራቡኮ ሶኮኬ ደን አለ። የዋታሙ የባሕር ፓርክና ጥብቅ ክልል ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለለ ነው። በማንግሮቩ መካከል የሚወዛወዝ የእንጨት ድልድይ ተሠርቷል፤ ጫፉ ላይ ወፍ ማያ ጎጆ አለች። ለድልድዩ የሚከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ስሰማ መምህርነቴ ተነሳብኝ፦ ኤ ሮቻ ኬንያ የተባለው ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በሚያካሂደው ፕሮግራም አማካይነት በደኑና በክሪኩ ዙሪያ ለሚኖሩ ልጆች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ መደጎሚያ ይሆናል። ወፍ ልጅ ታስተምራለች ማለት ነው። ደን የሚቆርጠው አባት ልጁን የምታስተምረው ያልተቆረጠችዋ ዛፍ መሆኗን ካየ፣ ከእኛ ስብከት በላይ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናዋ ወፍ መጣሁ። ክራብ ፕላቨር ትባላለች፤ እኔ በክፍሌ «ሸርጣን በላ» ብዬ አስተዋውቄያታለሁ። ነጭ ናት፤ ጀርባዋ ጥቁር ነው፤ እግሯ ረጅም፣ ምንቃሯ እንደ መዶሻ ወፍራም። በመቶ የሚቆጠሩት ባንድ ላይ ቆመው ሲታዩ በነጭ ጋቢ ላይ ጥቁር ካባ ጣል ያደረጉ ሽማግሌዎች ለዕርቅ የተሰበሰቡ ይመስላሉ። ከዓለም ወፎች መካከል በቤተሰቧ ብቸኛ ናት፤ የቅርብ ዘመድ የላትም። የምትራባው ደግሞ የት መሰላችሁ? በቀይ ባሕር ደሴቶችና ጠረፎች፣ የኤርትራን ጨምሮ፣ በሶማሊያ ሰሜን፣ በዓረብ ባሕረ ሰላጤ። በሞቃቱ ወራት አሸዋ ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ጉድጓድ ትቆፍርና ብዙ ጊዜ አንድ ነጭ እንቁላል ትጥላለች። የአሸዋው ሙቀት እንቁላሉን ያሞቅላታል። ከዚያ ወደ ደቡብ ትመጣለች፤ እስከ ሚያዝያ ገደማ እዚህ ትከርማለች።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ግራጫ ቀለም ያላቸው ወጣቶች ከወላጆቻቸው ኋላ ኋላ እየሄዱ ያፏጫሉ፤ ይለምናሉ። ወላጁ ሸርጣን ይይዛል፣ ይሰባብራል፣ ለልጁ ያቀብላል። አብዛኞቹ የባሕር ዳር ወፎች ልጆቻቸውን ገና በተፈለፈሉበት ቦታ ራሳቸውን ያስችላሉ፤ ይቺ ግን ያን ሁሉ መንገድ ከበረሩ በኋላም፣ በባዕድ ጭቃ ላይ፣ ወራት ሙሉ ትመግባለች። ሸርጣን መስበር የአንድ ቀን ትምህርት አይደለምና። ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። አገራቸውን ያላዩ፣ ያዩትም የረሱ ልጆች። እኛ የምናውቀውን ሰብረን ካላቀበልናቸው ማን ያቀብላቸዋል?

ጓደኛዬ ይሄኔ «በል ጻፍ! ወፍ ድንበር የላትም፣ እኛም እንደ ወፍ ነን በል፤ ላይክ ይጎርፍልሃል» አለኝ። እውነትም በአማርኛ «ስደተኛ ወፎች» ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ አንዳንዱ «ፍልሰተኛ» ይላል። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህር ነኝና አልተስማማሁም። ወፏ ስደተኛ አይደለችም። ወፏ ሁለት ቤት አላት። የምትሄድበትን ወር ታውቃለች፣ የምትመለስበትንም ታውቃለች። ሚያዝያ ሲደርስ ስብ አጠራቅማ ትነሳለች፤ አምና የቆፈረችበት አሸዋ ዘንድሮም አሸዋ ነው። ማንም «ለምን መጣሽ?» አይላትም፤ ማንም «ከተመለስሽ ትሞቻለሽ» አይላትም።

ስደተኛ ማለት ድንበር የተሻገረ ሰው ብቻ አይደለም። ድንበርማ ነጋዴም ይሻገራል፣ ተማሪም፣ ቱሪስትም፤ ሩንዳ ያሉት ጎረቤቶቼ በዓመት አሥር ጊዜ ይሻገራሉ። ስደተኛ ማለት መመለሻው የተወሰደበት ሰው ነው። ስለዚህ እንደ ወፍ ነን ማለቱ ያምራል እንጂ በደላችንን ያሳንሳል። እንደ ወፍ ብንሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ አዳመጠኝና «እንግዲያው እንደ ወፏ መሆን ነው የምንጠይቀው» አለ። አዎ፣ ልክ ብሏል። ሄዶ መመለስ መቻል። ጥያቄያችን በአጭሩ ይሄው ነው።

በሦስተኛው ቀን ዓሣ አጥማጆች ዓሣ በሚያጸዱበት ዳርቻ ጥቁር ቡናማ ወፎች ሲሻሙ አየን። ሱቲ ጋል ይባላሉ፤ እነሱም የቀይ ባሕር ወገን ናቸው። በሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ የአንድ ሰው ስም አለ፦ ሄምፕሪች። ቪልሄልም ሄምፕሪች ጀርመናዊ ተመራማሪ ነበር፤ ከባልደረባው ከኤረንበርግ ጋር በ1820 እ.ኤ.አ. ተነስቶ በግብፅና በቀይ ባሕር ዙሪያ እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ ዓመታት ቆየ። በ1825 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ በበሽታ ሞተ፤ ዕድሜው 29 ብቻ ነበር። ኤረንበርግ ብቻውን ተመለሰ። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው ካሜራውን አውርዶ ቆየ። እሱም አብሮት ተነስቶ መንገድ ላይ የቀረ ወንድም አለው። ከዚያ በኋላ ሰላሳ አርባ ጊዜ ያንኑ ወፍ አነሳ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የመጨረሻውን ቀን ለመልክዓ ምድር ፎቶ ተውነው። ከማሊንዲ በስተሰሜን ሳባኪ ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበት ቦታ አለ። ቡናማው ውሃ ሰማያዊው ላይ ሲፈስ መስመሩ በግልጽ ይታያል፤ በአሸዋው ደሴት ላይ ተርኖችና ጋሎች ሰፍረዋል። ሳባኪ ከኬንያ ወንዞች ከታና ቀጥሎ ረጅሙ ነው። (ጓደኛዬ «ታና» የሚለውን ሲሰማ ጣና መስሎት ደንግጦ ዞረ፤ ስሙ የናፈቀውን ሰው ያታልላል።) እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከእኔ ሰርቪስ በታች፣ ሩንዳን ታክኮ ሩአካ የሚባል ትንሽ ወንዝ ያልፋል። ሩአካ በካሩራ አድርጎ ወደ ናይሮቢ ወንዝ ይገባል፤ የናይሮቢ ወንዝ ወደ አቲ፤ አቲ በጻቮ በኩል ጋላና ይሆናል፤ ጋላና ባሕር ሲቃረብ ሳባኪ ይባላል። ጠዋት ፊቴን የታጠብኩበት ውሃ ምናልባት አንድ ቀን እዚህ ይደርሳል ማለት ነው። መንገዱን ሁሉ ስሙን እየለወጠ፣ አፈር እየተሸከመ፣ ግን ያው አንድ ወንዝ ሆኖ። ከአገር ከወጣሁ ወዲህ «መምህር»፣ «ኬዝ ቁጥር»፣ «ኤልየን»፣ «ምዋሊሙ» ተብያለሁ። ያው አንድ ሰው ነኝ።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር ልበልና ወደ እህታችን ጥያቄ ልለፍ። ባሕሩ ሲጎድል ጭቃው ላይ የሚያጠምዱ የአካባቢው ሰዎች ይመጣሉ። ብርሃኑ ያምራል፣ ጥላቸው ያምራል፣ ሌንሱም ይደርሳል። ጓደኛዬ ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ ትቶ ሄዶ ጠየቀ። አንዷ እሺ አለች፤ ሌላዋ እጇን አወዛወዘች፤ እሷን አላነሳትም። እኔ ካምፕ በነበርኩበት ጊዜ እንግዶች ከመኪና ሳይወርዱ በረጅም ሌንስ ለውሃ ተሰልፈን ሲያነሱን አስታውሳለሁ። ያ ፎቶ የት እንደተሰቀለ እስከዛሬ አላውቅም። ወፍን ከሩቅ ማንሳት ለወፏ ክብር ነው፤ እንዳትደነግጥ፣ ለበረራ ያጠራቀመችው ስብ እንዳይባክን። ሰውን ከሩቅ ማንሳት ግን ሌላ ነው። ሰው ይጠየቃል።

እህቴ ሆይ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁም። አገር ቤት ሰው እያለቀ ወፍ ፎቶ ማንሳት ምን ይባላል? በባህላችን ለቅሶ ቤት ጎረቤት ምግብ ሠርቶ ይመጣል። ሐዘንተኛው አልበላም ይላል፤ ትልልቆቹ «እህል ቅመስ» እያሉ ይለምኑታል። ይህ ሲባል ሐዘንህን ተው ማለት አይደለም፤ ነገም የምታዝንበት ጉልበት ይኑርህ ማለት ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አልበላም ያልኩ ሐዘንተኛ ነበርኩ። ስልኬን ከፍቼ የማነበው የሞት ዜና፣ ጽፌ የምለጥፈው የሞት ዜና። ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ፊቴን አይተው ዝም ይላሉ። ከባሕር በተመለስኩ ማግሥት ስለ ሸርጣን በላዋ ስነግራቸው ግን አርባ እጅ ባንድ ጊዜ ተነሳ። አንዲት ልጅ «መምህር፣ እናቷ መመገብ የምታቆመው መቼ ነው?» አለችኝ። የዚያች ልጅ እናት የት እንዳለች አይታወቅም። መልሴን ቀስ ብዬ ነው የመለስኩላት።

ዓለም ስደተኛን የሚያውቀው ሲለምንና ሲያለቅስ ነው፤ ሲስቅ ካየው «ታዲያ ምን ሆነ?» ይላል። ይህን ዓይን እኛው ራሳችን ለራሳችን ባናውሰው ጥሩ ነው። የሐዘኑን ልክ በፊታችን ጥቁረት የምንመሰክር ከሆነ መቼም ምስክርነቱ አያልቅም።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ምክር፦
• የስደተኛ ካርዳችሁ ጊዜው ያላለፈ ይሁን፤ ዋናውን ያዙ፣ ፎቶ ኮፒም ለብቻ አስቀምጡ። ካምፕ የተመዘገባችሁ ያለ መንቀሳቀሻ ፈቃድ አትሞክሩት።
• የባሕሩን መሙያ ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። ለሸርጣን በላዋ ከኅዳር እስከ መጋቢት ጥሩ ነው።
• ነጭ ወፍ በኃይለኛ ፀሐይ ላይ ስታነሱ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሱ፤ አለዚያ ላባው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ለበረራ ከ1/2000 በታች አትውረዱ። ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ መልክዓ ምድሩን አንሱ፤ በማለዳ ፀሐይ ከባሕሩ ትወጣለች።
• ጾም ላይ ከሆናችሁ አትጨነቁ። የጠረፉ ሰው ቁርስ ላይ ምባዚ በማሃምሪ ይበላል፤ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ አተር መሰል እህል ከተጠበሰ ዳቦ ጋር ነው። የጾም በየዓይነቱን ያስረሳል ብል ግን ውሸት ነው።
• ኬላ ላይ «ንዴጌ» ብቻ ብላችሁ አታቁሙ!

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቼን ባሕር ድረስ ለመውሰድ ገንዘቡም ወረቀቱም የለንም። ካሩራ ደን ግን ከሩንዳ በእግር ይደረሳል፤ ወፍም ሞልቶታል። በሚቀጥለው ተርም በወር አንድ ቅዳሜ ልወስዳቸው አስቤያለሁ። ጓደኛዬ በነጻ ፎቶ ማንሳት ሊያስተምራቸው ቃል ገብቷል። የጎደለን ባይኖኩላር ነው። ቤታችሁ አቧራ እየጠጣ የተቀመጠ አሮጌ ባይኖኩላር ያላችሁ፣ አንድ ዓይኑ ቢጨልም እንኳ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ናይሮቢ ውስጥ ያላችሁበት ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ።